ያልወጣ ጭስ እንዴት ይሸጣል?

(ምስል፦ ጣርማ በር፣ ማለዳ፣ ጉም። አሮጌ የጭነት መኪና ከደብረ ሲና በኩል ዳገቱን ይወጣል።)

ሾፌሩ አንደኛ ማርሽ ላይ ነው። ሞተሩ ያቃስታል። ጭሱ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ከኋላ በተከተለው ሚኒባስ ውስጥ እናቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገዋል። ረዳቱ «መስኮት ዝጉ!» ይላል። መስኮቱ ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል።

የጣርማ በር የመኪና ዋሻ ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። የናፍታ ሞተር በደንብ ለማቃጠል አየር ይፈልጋል። አየር ሲያንሰው፣ በዚያ ላይ የነዳጅ ፖምፓው ካረጀና ጭነቱ ከከበደ፣ በቅጡ ያልተቃጠለው ናፍታ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል።

አሁን አንድ ሰው መጥቶ «ይቺን መኪና ግዟትና አፍርሷት፤ ከእንግዲህ የማታወጣውን ጭስ ለፋብሪካ ሽጡት» ቢላችሁስ? ጨረቃን መሸጥ ይመስላል። ግን ተሠርቶበታል።

(ምስል፦ ሎስ አንጀለስ ከላይ፣ በተራሮች ተከባ።)

የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለችው ሎስ አንጀለስ ጭስ የሚታቆርባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 ዩኖካል የተባለ የነዳጅ ኩባንያ ከ1971 በፊት የተሠሩ መኪኖችን እያንዳንዳቸውን በ700 ዶላር እየገዛ አፈረሰ። ከ8,000 በላይ መኪና። በ1993 ደግሞ የአካባቢው የአየር ጥራት መሥሪያ ቤት ነገሩን ደንብ አወጣለት። አሮጌ መኪና የሚያፈርስ ክሬዲት፣ ማለትም «ይህን ያህል ጭስ አስቀርቷል» የሚል የሚሸጥ ማረጋገጫ ያገኝ ጀመር። ክሬዲቱን የራሱን ጭስ በመቀነስ ፈንታ ይጠቀምበታል ወይም ጭሱን መቀነስ ለተወደደበት ሌላ ድርጅት ይሸጠው ነበር።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ቁጥሮቹ የኔ ናቸው፣ ለምሳሌ ያህል። አሮጌዋ መኪና በኪሎ ሜትር 3 ግራም በካይ ጋዝ ታወጣለች እንበል። የምትተካት 1 ግራም። ልዩነቱ 2 ግራም። አሮጌዋ በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር የምትሄድ፣ ባትፈርስ ደግሞ 3 ዓመት የምትቆይ ከሆነ 60 ኪሎ ይመጣል። የሚሸጠው ይህ 60 ኪሎ ነው። ብረቱ ለብቻው ለቁራሌው ነው።

ልብ በሉ፤ የተሸጠው ወደፊት የሚነዳ ኪሎ ሜትር ነው።

(ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ አንድ ጓሮ። ጎማው መሬት የገባ ኤንትሬ።)

ይህ የአጎቴ ኤንትሬ፣ የድሮው የጭነት መኪና ነው። ስንት ዓመት አሰብ ተመላልሶበታል። አሁን ጋቢናው ውስጥ ዶሮዎች ይፈለፈላሉ። ይህን ብናፈርስ ስንት ኪሎ ጭስ አተረፍን? ዜሮ። ዶሮ አያጨስም።

ግን እንዲህ ያለ ገዢ ከተማ ቢገባ መጀመሪያ ሮጦ የሚሄደው ማን ይመስላችኋል? በየቀኑ ጣርማ በርን የሚወጣው ሾፌር ነው? እሱማ እንጀራው ነው። የሚሮጠው እንደ አጎቴ የሞተ መኪና ያለው ነው። ለዚህ ነው ካሊፎርኒያዎች መኪናው በአካባቢው ተመዝግቦ የቆየ ይሁን፣ በራሱ ሞተርም ተነድቶ ይምጣ ያሉት። እንደዚያም ሆኖ ሊሞት ጥቂት የቀረውን መኪና ገፍቶ ማስነሳት ማን ያቅተዋል?

ሞተሩስ? ቆርቆሮው ተጨፍልቆ ሞተሩ በጓሮ በር ወጥቶ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ከደረሰ፣ ጭሱ ታርጋ ቀየረ እንጂ አልቀረም።

ከሁሉም የሚያመኝ ግን ሌላው ነው።

(ምስል፦ ወደብ፣ ነዳጅ ጫኝ መርከብ።)

ክሬዲቱን ከገዙት መካከል በወደብ ዳር መርከብ ላይ ነዳጅ የሚጭኑ ኩባንያዎች ነበሩ። ሲጭኑ ትነት ይወጣል፤ ውስጡ ቤንዚን የሚባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል አለ። እኛ መኪና የምንሞላው ቤንዚን አይደለም፤ ስሙ ነው የተመሳሰለው። ትነቱን መልሶ የሚይዝ መሣሪያ ከመትከል ክሬዲቱ ረከሰላቸው። የፈረሱት መኪኖች በሰፊው አካባቢ ተበታትነው የነበሩ ናቸው። ትነቱ ግን አንድ ሰፈር ላይ ቀረ። ወደቡ ዳር ባሉት ዊልሚንግተንና ሳን ፔድሮ ሰፈሮች የሚኖሩት ሰዎች ድርሻቸው ያው ትነት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1997 የአካባቢ ተሟጋቾች አቤቱታ አቀረቡ።

እዚህ ላይ ከካርበን ክሬዲት ጋር እንዳታምታቱት። ካርበን ዳይኦክሳይድ አየሩን ለማሞቅ ከየትም ቢወጣ አንድ ነው። ሳንባ የሚጎዳ ጭስ ግን ሰፈር ያውቃል። ሸዋ ሮቢት የቀረ ጭስ ደብረ ሲና ላለ ልጅ ሳል መድኃኒት አይሆንም።

(ምስል፦ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ።)

አሠራሩ ወደኛ ቢመጣስ? መጀመሪያ ዋጋው ነው። እዚያ አሮጌ መኪና ዋጋዋ ይወድቃል፤ ያኔ በ700 ዶላር የሚሸጥ ሞልቶ ነበር። እኛ ጋ አሮጌ መኪና እንደ ላም ነው፤ እስካለበች ድረስ ማን ይሸጣታል? እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለው መኪና ይበልጥ ይታቀፋል፣ ይጠገናል። ስለዚህ በእኔ ግምት ገዢው በትንሽ ብር ከመጣ የሚሰበስበው የዶሮ ቤት ብቻ ነው። የምታጨሰዋን ከፈለገ ባለቤቱ ሌላ ገዝቶ ሥራው ሳይቋረጥ የሚቀጥልበትን ያህል መክፈል አለበት።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ አስረዳሁት። በርኖሱን ትከሻው ላይ አስተካክሎ በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ጋቢናውን ገርበብ አድርጎ አየና፣ «በነፃም ቢሆን አሁን አይሆንም፤ ታቅፋለች» አለኝ።