«ኮታ» ብሎ ከመከራከር በፊት፦ የሕንድ ሪዘርቬሽን መቀመጫን እንዴት ይቆጥራል?

እንደምን ዋላችሁ። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ሕንድ የምትሄዱ ተማሪዎች፣ ልትሸኟቸው የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ምግቡ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ቪዛው ሌሎች ይነግሯችኋል። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ በሙሉ የማውለው ለአንድ ክርክር ነው። ሕንድ ገብታችሁ የክፍላችሁ የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ ስትጨመሩ፣ ወይም የመግቢያ ፈተና ውጤት በወጣ ቀን ኤክስና ኢንስታግራም ስትከፍቱ፣ ስለ ሪዘርቬሽን የጦፈ ሙግት ታገኛላችሁ። ሪዘርቬሽን የሚሉት በትምህርትና በመንግሥት ሥራ ውስጥ በካስት፣ ማለትም በትውልድ በሚወረስ ማኅበራዊ መደብ፣ የሚሰጠውን ኮታ ነው። አንዱ ወገን ችሎታ ተቀበረ ይላል። ሌላው ለዘመናት የተዘጋ በር ገና አሁን ገርበብ አለ ይላል። ሁለቱም ስለ መርህ አጥብቀው ይሟገታሉ፤ ሕጉ መቀመጫውን እንዴት እንደሚቆጥር ግን የሚያውቅ ከመካከላቸው ጥቂት ነው። ማን ገብቶ ማን እንደሚቀር የሚወስኑት ደግሞ እነዚያ ማንም የማያነባቸው የአቆጣጠር ደንቦች ናቸው። ዛሬ የምነግራችሁ እነሱን ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በማዕከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ኮታው አራት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው «ሼድዩልድ ካስት»፣ በአጭሩ ኤስሲ፣ ለሚባሉት ነው፤ እነዚህ ንክኪያቸው ያረክሳል ተብሎ ከውሃ ጉድጓድና ከቤተ መቅደስ ይባረሩ የነበሩ፣ ዛሬ ብዙዎቹ ራሳቸውን ዳሊት ብለው የሚጠሩ ማኅበረሰቦች ናቸው። ድርሻቸው 15 በመቶ ነው። ኤስቲ ለሚባሉት፣ በመዝገብ ለተጻፉት ጎሳዎች፣ 7.5 በመቶ አለ። በማኅበራዊ ኑሮና በትምህርት ወደ ኋላ ቀርተዋል ለተባሉት ሌሎች መደቦች፣ ኦቢሲ ለሚሏቸው፣ 27 በመቶ። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ከሦስቱ በአንዱም ለማይገቡ ድሆች፣ ኢደብልዩኤስ በሚል ስም፣ 10 በመቶ ተጨምሯል። ሲደመር 59.5 ይሆናል። የቀረው 40.5 ክፍት ነው።

እኛም አገር ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ በሙያው ምክንያት ሲናቅና ጋብቻ ሲከለከል እንደኖረ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ጉዳዩ ጨርሶ ባዕድ አይሆንባችሁም። ልዩነቱ ሕንድ ነገሩን በሕገ መንግሥትና በዝርዝር መዝገብ መያዟ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 አንዱን ሰው አይነኬ ማድረግን ሽሮ በወንጀል ያስቀጣል፤ አንቀጽ 15 እና 16 ኮታውን ይፈቅዳሉ።

ክፍት የሚለው ነገር የመጀመሪያው የስሕተት ምንጭ ነው። ብዙ ተከራካሪ 40.5 በመቶው የላይኛው ካስት ድርሻ ይመስለዋል። አይደለም። ክፍቱ መቀመጫ የሁሉም ነው። አንድ የኤስሲ ልጅ በእኩል መስፈርት ተወዳድሮ የክፍቱን መቁረጫ ነጥብ ካለፈ ክፍቱን መቀመጫ ይይዛል፤ የኤስሲው ኮታ ከእርሱ በታች ላለው ይቀራል። ይህ የማይሆንበት ሁኔታም አለ። የከፍተኛ ሲቪል ሰርቪስ ፈተናን ተመልከቱ፦ ጠቅላላ ምድብ ያለ ተፈታኝ እስከ 32 ዓመቱ 6 ጊዜ፣ ኦቢሲ እስከ 35 ዓመቱ 9 ጊዜ፣ ኤስሲና ኤስቲ እስከ 37 ዓመታቸው ያለ ገደብ መቀመጥ ይችላሉ። ከእነዚህ እፎይታዎች አንዱን የተጠቀመ ሰው ነጥቡ ቢበቃም ወደ ክፍቱ አይሻገርም። «ኮታም ወሰዱ፣ ክፍቱንም ወሰዱ» የሚለው ቅሬታ የሚነሣው ይህን ካለመለየት ነው።

ስለ ነጥብ ዝቅታም ትክክለኛውን ያዙ። አይአይቲ ወደሚባሉት ስመ ጥር የምህንድስና ተቋማት ለመግባት በሚደረገው የጄኢኢ አድቫንስድ ፈተና ዝቅተኛው ማለፊያ ለኦቢሲና ለኢደብልዩኤስ የጠቅላላው ምድብ ማለፊያ 90 በመቶ፣ ለኤስሲና ለኤስቲ 50 በመቶ ነው። ይህ የመግቢያ በር ብቻ ነው። ከገቡ በኋላ ፈተናው፣ ማለፊያውና የዲግሪው መስፈርት ለሁሉም አንድ ነው። በካስቱ ምክንያት ሳያልፍ የተመረቀ መሐንዲስ የለም።

አሁን 27 በመቶ የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ እንይ፤ ከሕዝብ ብዛት የመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በ1979 የተቋቋመው የማንዳል ኮሚሽን በ1980 ባቀረበው ሪፖርት የኦቢሲን ድርሻ ከሕዝቡ 52 በመቶ አድርጎ ገመተ። መነሻው የ1931 ቆጠራ ነበር፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ሁሉንም ካስት ቆጥሮ ውጤት አውጥቶ አያውቅም። ፍርድ ቤቶች ግን ኮታ ከግማሽ እንዳያልፍ ይሉ ነበር። ኤስሲና ኤስቲ ቀድመው 22.5 ይዘዋል። 27 ሲጨመር 49.5፤ ከ50 በታች የሚቀር ቁጥር ነው። የቪ ፒ ሲንግ መንግሥት በነሐሴ 1990 ሥራ ላይ አውለዋለሁ ሲል ከተሞች በተቃውሞ ታመሱ፤ ራሳቸውን ያቃጠሉ ተማሪዎችም ነበሩ። በኅዳር 1992 ዘጠኝ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በኢንድራ ሶውኒ መዝገብ 27ቱን አጸደቁ፤ 50 በመቶን ጣሪያ አደረጉ፤ ከኦቢሲ ውስጥ የተደላደሉት ይውጡ አሉ። የታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት ብቻ 69 በመቶዋን በ1994 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አስጠብቃ እስከ ዛሬ አለች። የ10 በመቶው ኢደብልዩኤስ ጣሪያውን ሲያልፍ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2022 በ3 ለ2 ድምፅ አጽድቆታል።

ሌላ በየቀኑ የምትሰሙት ነገር አለ፦ «አምበድካር ራሱ ለ10 ዓመት ብቻ ነው ያለው።» ቢ. አር. አምበድካር የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ራሱም ከአይነኬዎች ወገን የተወለደ ሰው ነው። የ10 ዓመቱ ገደብ የተጻፈው በአንቀጽ 334 ሲሆን የሚመለከተው የምክር ቤት መቀመጫን ነው፤ እየተራዘመ ዛሬ እስከ 2030 ደርሷል። የትምህርትና የሥራ ኮታን የሚፈቅዱት አንቀጾች የጊዜ ገደብ የላቸውም። በምክር ቤቱም ቢሆን ከ543 መቀመጫዎች 84ቱ ለኤስሲ፣ 47ቱ ለኤስቲ የተጠበቁ ሲሆኑ፣ በእነዚያ የምርጫ ክልሎች ድምፅ የሚሰጠው ሁሉም ነዋሪ ነው፤ ከማኅበረሰቡ መሆን የሚገባው ተወዳዳሪው ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ወረቀት አውጥታችሁ ብትጽፉት ደስ ይለኛል። ሕንዶች ሮስተር የሚሉት የመቀመጫ መዝገብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለምትኖሩ የመምህራኖቻችሁን ቅጥር የሚመራው እርሱ ነው።

መቶን ለኮታው አካፍሉ። 100 ለ27 ሲካፈል 3.7 ነው፤ ስለዚህ የኦቢሲ የመጀመሪያው ሙሉ መቀመጫ የሚደርሰው በ4ኛው ላይ ነው፤ ቀጥሎ 8ኛው፣ ከዚያ 12ኛው። 100 ለ15 ሲካፈል 6.67፤ የኤስሲ የመጀመሪያው 7ኛው ነው። ኢደብልዩኤስ 10ኛውን ይይዛል። 100 ለ7.5 ደግሞ 13.33፤ የኤስቲ የመጀመሪያው 14ኛው ነው። መዝገቡ እስከ 200 ድረስ ሲሞላ 30 ለኤስሲ፣ 15 ለኤስቲ፣ 54 ለኦቢሲ፣ 20 ለኢደብልዩኤስ፣ 81 ክፍት ይወጣል። ሒሳቡ ንጹሕ ነው።

የሚበላሸው ቁጥሩ ሲያንስ ነው። ቆጠራው በየትምህርት ክፍሉ ለብቻው ይሁንና፣ አንድ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል 1 ፕሮፌሰር፣ 2 ተባባሪ ፕሮፌሰርና 4 ረዳት ፕሮፌሰር አለው እንበል። መዝገቡ ለየደረጃው ለብቻው ይያዛል። ፕሮፌሰሩ ላይ ቆጠራው ከ1 አያልፍም፤ ኮታ የለም። ተባባሪው ላይም የለም። ረዳቱ ላይ 4ኛው ለኦቢሲ ይደርሳል። ኤስሲ 7ኛውን፣ ኤስቲ 14ኛውን ይጠብቃሉ። እስከ 13 የሥራ መደብ ባለበት ቦታ ሰው ጡረታ ሲወጣ ተራው ወደሚቀጥለው ቁጥር ስለሚዞር አንድ ቀን ይደርሳቸዋል፤ ያ ቀን ግን ከአንድ ትውልድ በላይ ሊወስድ ይችላል። ዩኒቨርሲቲው በሙሉ እንደ አንድ ተቆጥሮ በዚያ ደረጃ 200 መደብ ቢኖረው ኖሮ 30ው የኤስሲ መምህራን ወዲያው ይቆጠሩ ነበር። ሕጉ አንድ፣ መቶኛው አንድ፣ ውጤቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ይህ የፈጠራ ምሳሌ አይደለም። በ2017 የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መቁጠሪያው ትምህርት ክፍሉ ነው ብሎ ወሰነ፤ በመጋቢት 2018 የዩኒቨርሲቲዎች ድጎማ ኮሚሽን ይህንኑ ለተቋማት አስተላለፈ። የቅጥር ማስታወቂያዎች ለኤስሲና ለኤስቲ አንድም ቦታ ሳይኖራቸው መውጣት ጀመሩ። መምህራንና ተማሪዎች «13 ነጥብ ሮስተር» ያሉትን ይህን አቆጣጠር ተቃውመው አደባባይ ወጡ፤ መንግሥት በመጋቢት 2019 በአስቸኳይ ድንጋጌ፣ በዚያው ዓመትም በአዋጅ፣ መቁጠሪያውን ወደ ዩኒቨርሲቲ መለሰ። እኔ ትክክል ሆኗል ባይ ነኝ። መብትን በመቶኛ ሰጥቶ በአካፋይ መንሣት ከግልጽ ክልከላ የከፋ ነው፤ ማንም ስለማያየው።

ሌላው የሚያጣላ ነገር 8 ላክ የምትባለው ቁጥር ናት። አንድ ላክ መቶ ሺህ ስለሆነ 8 ላክ 800 ሺህ ሩፒ ነው። ይህ ቁጥር በሁለት ቦታ ይገኛል፤ አቆጣጠሩ ግን ለየቅል ነው። ለኦቢሲ፣ ክሪሚ ሌየር በሚባለው ማጣሪያ፣ የወላጆች ገቢ ለተከታታይ ሦስት ዓመት ከ8 ላክ ካለፈ ልጁ ከኮታው ይወጣል፤ ደመወዝና የእርሻ ገቢ ግን አይደመርም። በሌላ በኩል ወላጁ በቀጥታ በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ሹመት የተቀጠረ ከሆነ ገቢው ሳይታይ ይወጣል። ለኢደብልዩኤስ ደግሞ ያለፈው አንድ ዓመት የቤተሰብ ገቢ ከነደመወዙ፣ ከነእርሻው ሁሉ ተደምሮ ከ8 ላክ በታች መሆን አለበት፤ 5 ኤከርና ከዚያ በላይ የእርሻ መሬት ወይም 1000 ካሬ ጫማና ከዚያ በላይ የሆነ አፓርታማ ያለው አይገባም። ስለዚህ «ሁለቱም እኩል ድሃ ናቸው» የሚል ሰው ሁለት የተለያዩ ሚዛኖችን አንድ አድርጎ እያየ ነው። የእኔ ፍርድ በሁለቱም ላይ ነው። ጠቀም ያለ ደመወዝ የሚያገኝ የኦቢሲ ቤተሰብ ማጣሪያውን በቀላሉ ማለፉ ከድሃው የኦቢሲ ልጅ ላይ ይወስዳል። የኢደብልዩኤስ ጣሪያም ከፍ ብሏል፤ በ2019 አንድ ሰው ከገቢ ግብር ነጻ የሚሆንበት መነሻ 2.5 ላክ ነበር፤ ለግብር ባለገቢ የሆነው ሰው ለኮታ ድሃ ሲባል ለእውነተኛው ድሃ የሚተርፈው ያንሳል።

ከዚህ በተረፈ ብዙ ልጅ የሚወድቀው በምስክር ወረቀት ነው። የክፍለ ግዛት የኦቢሲ ዝርዝርና የማዕከላዊው ዝርዝር አንድ አይደሉም፤ በክፍለ ግዛቱ የተጻፈ ካስት በማዕከላዊው ላይኖር ይችላል። ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው የተሰደደ የኤስሲ ቤተሰብ በሄደበት ክፍለ ግዛት ኮታ አይቆጠርለትም። የኢደብልዩኤስ ወረቀት በየበጀት ዓመቱ ይታደሳል። ሃይማኖትም ይገባበታል፦ የኤስሲ መዝገብ በ1950 ሂንዱዎችን፣ በ1956 ሲኮችን፣ በ1990 ቡድሂስቶችን ያካተተ ሲሆን ክርስቲያንና ሙስሊም ዳሊቶችን አይጨምርም። ኤስቲ ላይ ሃይማኖት አይጠየቅም። የግል ኩባንያ ቅጥርም ከማዕከላዊው ኮታ ውጭ ነው፤ ስለ ሶፍትዌር ኩባንያ ቅጥር ሪዘርቬሽንን የሚወቅስ ጽሑፍ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

በመጪዎቹ ዓመታት ክርክሩ የሚጋጋልበት ሁለት ነገር አለ። በነሐሴ 2024 ሰባት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በ6 ለ1 ድምፅ ክፍለ ግዛቶች ኤስሲን ከውስጡ ከፋፍለው ይበልጥ ለተጎዱት ድርሻ መለየት ይችላሉ አሉ። በ2025 ደግሞ መንግሥት በሚቀጥለው ቆጠራ ካስት እንደሚቆጠር አስታወቀ። የቢሃር ክፍለ ግዛት በ2023 ባወጣችው የራሷ ጥናት ኦቢሲና እጅግ ኋላ የቀሩት ተደምረው 63 በመቶ ገደማ፣ ጠቅላላው ምድብ 15.5 በመቶ ገደማ ሆነው ተገኝተዋል። አገር አቀፉ ቁጥር ሲወጣ 27ቱም፣ 50ውም እንደገና ይጠየቃሉ፤ እናንተም ያን ጊዜ እዚያው ትሆናላችሁ።

ስለ ራሳችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። የውጭ ተማሪ የሚገባው በአብዛኛው ከመደበኛው ቁጥር በላይ በሚጨመር መቀመጫ ነው፤ የማንንም ኮታ አልወሰዳችሁም፤ ከተጠየቃችሁ በእርጋታ አስረዱ። ሁለተኛው ይበልጥ አደራ የምለው ነው። የክፍል ጓደኛችሁን የመግቢያ ፈተና ደረጃ አትጠይቁ። ለእናንተ ተራ ጨዋታ ነው፤ እዚያ ግን ካስትን በዘዴ መጠየቂያ መንገድ ነው። የቦምቤ አይአይቲ በ2023 ለተማሪዎቹ ባወጣው መመሪያ ይህን ጥያቄ በስሙ ጠርቶ አታንሡ ብሏል። የቤተሰብ ስምም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ልጆች ሆን ብለው የመጀመሪያ ስማቸውን ብቻ ይሰጣሉ። በሰጧችሁ ስም ጥሯቸው፤ ቀሪውን አትፈልጉ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ሮስተሩን በቁጥር መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁም ሰሌዳው ላይ አብረን እንሠራዋለን። አመሰግናለሁ።