ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ማለት ይችላል?

(ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ወደ ዘጌ የሚነሡ የሞተር ጀልባዎች)

ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው የሚያመላልስ አንድ ባለጀልባ አለ እንበል። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ተነሣ፤ ጀልባዋ ስትናወጥ አንድ ተሳፋሪ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ዐቃቤ ሕግም ባለጀልባውን በቸልተኝነት የአካል ጉዳት አድርሷል ሲል ከሰሰው። ክሱ ተነብቦለት ምን እንደሚል ሲጠየቅ እንዲህ አለ፦ «አዎ ክቡር ዳኛ፣ ሰውየው የተጎዱት እኔ ጀልባ ላይ ነው። ግን ማዕበሉ ድንገት ነው የመጣው፤ እኔ ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው።»

መዝገቡ ላይ ግን «ድርጊቱን ፈጽሜአለሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ» ተብሎ ሰፈረ፤ ተፈረደበትም።

ቤተሰቡ «አንዴ አምኗል፣ ምን ይደረጋል?» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የይግባኙ ቀን የሚያልፈው እዚህ ላይ ነውና።

(ምስል፦ የሕጉ ገጽ፣ አንቀጽ 185)

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 185 እንደሚለው፣ ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ መጠን ወይም በቅጣቱ ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል መብት አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 የክሱን ዝርዝር ማመንን ከቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ፍርድ ቤቱ ይህን ሳይዝ ቀጥቶ ከሆነ ጥሩ የይግባኝ ነጥብ ነው።

አሁን ወደ ባለጀልባው ቃል እንመለስ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 134 እምነት የሚለው ተከሳሹ የወንጀሉን ፍሬ ነገር በሙሉ ያለ አንዳች ማመንታት ሲቀበል ነው። እያመነ «ግን» ብሎ ምክንያት ካስከተለ፣ በአንቀጽ 133 መሠረት እንደ ካደ ተቆጥሮ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ መሰማት ነበረበት። ባለጀልባው ጉዳቱ መድረሱን ተቀበለ እንጂ ቸልተኛ መሆኑን አላመነም። የክሱ ዋና ነገር ደግሞ ቸልተኝነቱ ነው። ስለዚህ ጠበቃው «ከመነሻው እምነት አልነበረም» ብሎ መከራከር ይችላል። የመዝገቡን ግልባጭ አውጥታችሁ የእምነት ክህደት ቃሉ የተጻፈበትን ገጽ ቃል በቃል አንብቡ፤ በእኔ አመለካከት ከማንኛውም ሌላ ወረቀት በፊት መታየት ያለበት እርሱ ነው። ክሱ የተነበበው ተከሳሹ በሚገባው ቋንቋ መሆኑንም አረጋግጡ፤ ለማይገባው ሰው አስተርጓሚ ማግኘት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተረጋገጠ መብት ነው።

ጉዳዩ ገና ፍርድ ያላገኘ ከሆነ መንገዱ ያጥራል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 135 መሠረት ዳኛው የእምነት ቃሉን ወደ ክህደት መለወጥ ይችላሉ።

(ምስል፦ የሬጅስትራር መስኮት)

ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማስታወቂያ ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ይሰጣል። የውሳኔው ግልባጭ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻው በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ከወረዳ ፍርድ ቤት ይግባኙ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ውሳኔው የመጨረሻ ከሆነ በኋላ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ሰው እዚሁ ባሕር ዳር ወደሚገኘው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ያመለክታል።

ቀኑ ካለፈም የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 191 የማስፈቀጃ ማመልከቻ ይፈቅዳል፤ መዘግየቱ በራስ ጥፋት አለመምጣቱን ግን ማስረዳት ያስፈልጋል። ግልባጭ የጠየቃችሁበትንና የተቀበላችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ካላችሁ ከማመልከቻው ጋር አያይዙት።