ያው ጀርም፣ ሌላ ደረጃ፦ ኤች አይ ቪ በሰውነት ውስጥ እንዴት ይራመዳል?

[ስክሪኑ ላይ የሰው ክብደት ሚዛን]

ቫይረሱ በደሙ እንዳለ በምርመራ የተረጋገጠ ሰው ነው። ክብደቱ 60 ኪሎ ነበር። ዛሬ ሚዛኑ 56 ካሳየ ሐኪሙ ደረጃ 2 ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ 53 ካሳየ ግን ደረጃ 3። መስመሩ የተሰመረው 10 በመቶ ላይ ነው። ሰውየው ሆን ብሎ ካልቀነሰና ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት ማለቴ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አራቱን ደረጃዎች ያወጣቸው በ1990 ነው፤ ላቦራቶሪ በሌለበትም ዓይን፣ እጅና ሚዛን ያለው ባለሙያ እንዲሠራባቸው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ቫይረሱ በገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ብዙዎችን ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና ሽፍታ ይይዛቸዋል፤ ንፍፊታቸውም ያብጣል። ጉንፋን ነው ተብሎ ይታለፋል። በዚያ ሰሞን በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከሚሊዮን በላይ ቫይረስ ሊኖር ይችላል፤ ፈጣኑ ምርመራ ደግሞ ገና «የለም» ሊል ይችላል። በሽታ ተከላካዮቹ የሲዲ4 ሕዋሳት፣ በተለይ አንጀት ውስጥ ያሉት፣ ክፉኛ የሚመቱት ያኔ ነው።

ከዚያ ዝም ይላል። ደረጃ 1፦ ምንም ምልክት የለም፣ ወይም ያበጠ ንፍፊት ብቻ። «ቫይረሱ ተኝቷል» ሲባል እሰማለሁ፤ አባባሉን አልወደውም። መድኃኒት ካልተጀመረ በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠር አዲስ ቫይረስ ይመረታል። በጤነኛ አዋቂ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ500 እስከ 1500 የሚደርሰው የሲዲ4 ቁጥርም ቀስ እያለ ይወርዳል። ያለ ሕክምና ይህ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ሊቆይ ይችላል፤ በጥቂቶች ላይ ግን በሁለት ሦስት ዓመት ያልቃል።

ደረጃ 2 ቆዳና አፍ ላይ ይታያል፦ የከንፈር ጥግ መሰንጠቅ፣ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ አልማዝ ባለጭራ። አልማዝ ባለጭራን ልብ ብላችሁ እዩት፤ አንድ ነርቭ ተከትሎ በአንድ ጎን ይወጣና የሰውነት መሐል ላይ ሲደርስ ይቆማል።

[ስክሪኑ ላይ ምላስ፣ በላዩ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር]

ይህ ፈንገስ ነው። ሲፋቅ ይለቃል፣ ከሥሩ ቀይ ሆኖ ይታያል። ሳይጠፋ ከቆየ ደረጃ 3 ነው። ያው ፈንገስ ወርዶ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ከገባና መዋጥ ካሳመመ ግን ደረጃ 4! ሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው፦ ቲቢው ሳንባ ላይ ከሆነ 3፣ ከሳንባ ውጭ ከሆነ 4። ጀርሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰውነቱ እስከ የት ድረስ እንዳስገባው ነው። ከአንድ ወር በላይ የቆየ ተቅማጥ ወይም ትኩሳትም ምክንያት ካልተገኘለት ደረጃ 3 ላይ ይመደባል።

ኤድስ የሚባለው ደረጃ 4 ነው፤ ወይም የሲዲ4 ቁጥር ከ200 ሲወርድ። ስለዚህ ቫይረሱ ያለበት ሁሉ ኤድስ አለበት ማለት አይደለም።

ታዲያ ከ2015 ጀምሮ መድኃኒቱ በየትኛውም ደረጃ ላለ ሰው ሁሉ እንዲሰጥ ከተመከረ፣ ደረጃው ለምን ይጠየቃል? ሌላ ምን መፈለግ እንዳለበት ስለሚጠቁም ነው። ሲዲ4ው ከ200 በታች የሆነ አዋቂ ራስ ምታት ባይኖረውም ደሙ ለክሪፕቶኮከስ ፈንገስ ይመረመራል፤ ፈንገሱ ደም ውስጥ የሚገኘው ማጅራት ገትር ከማስከተሉ ሳምንታት ቀድሞ ነውና።