የሚለበልብ እግር ከመታሸቱ በፊት

ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ስለ ነርቭ ሕመም ነው፤ ስለሚለበልብ፣ ጉንዳን እንደሄደበት ውርር ስለሚል እግር። ሰው ሲጨንቀው ወጌሻ ጋ ወይም ማሳጅ ቤት ይሄዳል፤ አሜሪካ ያለው ደግሞ ካይሮፕራክተር ጋ፤ አከርካሪን በእጁ እየገፋና እየጠመዘዘ የሚያክም ባለሙያ ማለት ነው። መሄዱ ክፋት የለውም። ችግሩ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች በአንድ ዓይነት እጅ ሲታሹ ነው።

አንደኛው ከወገብ ይነሳል። ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) የነርቭ ሥር ሲጫን ሕመሙ ከቂጥ ተነስቶ፣ በጭን ጀርባ አድርጎ እስከ እግር ይወርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ። ሲያስሉ ይብሳል። እዚህ ላይ የካይሮፕራክተር እጅ ሊያግዝ ይችላል።

ሁለተኛው ስኳር ያመጣው ነው። ከሁለቱም እግር ጣቶች ጀምሮ እንደ ካልሲ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌሊት አያስተኛም። እዚህ የታመመው ነርቩ ራሱ ስለሆነ ወገብን ቋ ማድረግ አያድነውም። ካይሮፕራክቲክን በ1895 አዮዋ ውስጥ የጀመረው ፓልመር አብዛኛው በሽታ ከአከርካሪ መዛነፍ ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ዛሬም «የተዘጋ ነርቭ እከፍታለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ታዲያ መታሸት ለምን ያስታግሣል? ጉልበታችን ሲጋጭ ሳናስበው እናሸዋለን አይደል? የሕመም ተመራማሪዎቹ ሜልዛክና ዎል በ1965 እንዳስረዱት፣ ንክኪ የሚጓዘው በወፍራም የነርቭ ክሮች፣ የሚለበልበው ሕመም ደግሞ በቀጫጭኖቹ ነው፤ የንክኪው መልእክት ሰረሰር ላይ የሕመሙን በር ያጠብበታል። ስኳር ግን ወፍራሞቹንም ይበላቸዋል። እፎይታው አጭር ቢሆን አይግረማችሁ።

ስኳር የጎዳውን እግር እንዴት እንደምታሹ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ውስጥ እግርንና የጣቶቹን መሃል እዩ፤ ቁስል፣ ውኃ የቋጠረ ነገር ወይም መቅላት ካለ አይታሽም። የመታጠቢያውን ውኃ በክርን ለኩት፤ የደነዘዘ እግር ቃጠሎን አይናገርም። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት መዳፍ ላይ፤ በጣቶች መሃል ግን አይግባ፣ እርጥበት ፈንገስ ያፈላል። በጣት ጫፍ መዳበስ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ሙሉ መዳፍ አሳርፋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ከጣት ወደ ባት፣ ለአንድ እግር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ታማሚው «ጠንከር አድርገው» ቢላችሁም እሺ አትበሉ፤ ስለማይሰማው ነው። አንዱ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና ሳትነኩ ሐኪም ቤት።

አጥንቱ የሳሳ ወይም ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው አከርካሪውን አያስጠምዝዝ። አንገትን በኃይል መጠምዘዝማ፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ የደም ሥር ቀዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ኮርቻ ላይ የሚያርፈው ገላ ከደነዘዘ፣ የዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጠዋት ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉትና ውስጡን በእጃችሁ ዳብሱ። እግር ያልሰማውን ጠጠር እጅ ያገኘዋል።