ሰይድ ዶት ኮም የማን ነው?

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከሸዋበርም ከሙጋድም ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እኔ እዚሁ ደሴ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ለምክር ቤት መወዳደር ያሰበ አንድ ሰው ሱቄ መጣና «በስሜ ገጽ አውጣልኝ» አለኝ። ስሙ ሰይድ ነው፤ የአባቱን ልተወው። ፓስፖርቱ ላይ ኤስ፣ ኢ፣ አይ፣ ዲ ይላል። ዲፕሎማው ላይ ኢዋ ኤ ሆናለች። የባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ አይን አስወጥተው ዋይ አስገብተዋል። የፓስፖርቱን አጻጻፍ ዶት ኮም ብዬ ብፈልግ ተይዟል። «ስሜን ማን ሰረቀው?» ብሎ ጦፈ። ፒያሳ ቆማችሁ «ሰይድ!» ብላችሁ ተጣሩ እስቲ። ስንቱ ይዞራል?

ደንቡ ቀላል ነው፦ ቀድሞ የመዘገበ ይይዛል። ክርክር ሲነሳ ግን የድረ ገጽ ስሞችን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ኣይካን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀው የዳኝነት ሥርዓት አለ። ከሳሹ ሦስት ነገር ያስረዳል። የገጹ ስም ከከሳሹ የንግድ ምልክት ጋር ይመሳሰላል፤ ያዡ በስሙ ላይ መብት የለውም፤ የያዘውም የሚጠቀምበትም በክፉ ልቦና ነው። ሦስቱም ካልተሟሉ ከሳሹ ይሸነፋል።

ፖለቲከኛው የሚወድቀው የመጀመሪያው ላይ ነው። ዝና የንግድ ምልክት አይደለማ። የሮበርት ኬኔዲ ልጅ ካትሊን ኬኔዲ ታውንሴንድ ለሜሪላንድ ገዥነት ሲወዳደሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በዚሁ ምክንያት ተረቱ። ሂላሪ ክሊንተን ግን በ2005 ስማቸው እንደ ንግድ ምልክት ተቆጥሮላቸው አሸነፉ። ለፕሬዚዳንትነት ከትራምፕ ጋር ይፎካከሩ የነበሩት ጄብ ቡሽማ በ2015 መጨረሻ ስማቸውን ዶት ኮም ብሎ የጻፈ ሁሉ ትራምፕ ገጽ ላይ ሲያርፍ አዩ!

እኔ ታውንሴንድ ላይ ከፈረዱት ጋር ነኝ። ባለሥልጣን የተተቸበትን ገጽ ሁሉ በስሙ እያመካኘ ከነጠቀ፣ ማን ይናገራል? እሱን መስሎ ብር መለመን ግን ሌላ ነገር ነው።

የኛ አገር ጣጣ ከሩቅ ሰው አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ ገጹን የሠራው የወንድም ልጅ በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል፤ ሲጣሉ የይለፍ ቃሉን ይዞ ይሄዳል። እኛ ባለሙያዎችም ከዚህ ንጹሕ አይደለንም። እንግዲህ መዝገቡ ላይ የገባው የማን ስም እንደሆነ ዛሬውኑ እዩ። አጻጻፉ ብዙ ከሆነ ሁለት ሦስቱን ያዙ። አንዱ ለዓመት ከአሥር እስከ ሃያ ዶላር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለውን ክርክር የሚያስዳኘው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ዋይፖ፣ ዘንድ መክሰስ ግን በአንድ ዳኛ ብቻ 1,500 ዶላር ያስወጣል።

ሰይድ በመጨረሻ ባለ ዋይዋን ገዛ። ፖስተሩ ላይ ግን የፓስፖርቱን አሳትሞ መጣ።