ካርታው ላይ ያለው ምንጭ

እንደምን ዋላችሁ ወገኖቼ! ወጣቶቹ «ነገ የዌልሷ የከሰል መንደር አበርቫን ስንሄድ ምን እንደምናይ አስር ደቂቃ ተናገር» ብለውኝ ነው የቆምኩት። አስር ደቂቃ የሰጠኝ ሰው አያውቀኝም ማለት ነው።

ይህቺን ወረቀት እዩልኝ። ጠርዟ የተጨማደደው ከቆሻሻ ገንዳ ስላወጣኋት ነው። በፊት የምሠራበት ቦታ የድሮ ካርታዎችን «ስካን ተደርገዋል» ብሎ ጣላቸው። ዝናብ ነበር፤ መቼም ዌልስ አይደል። ጃኬቴን አውልቄ ጠቀለልኳት። አለቃዬ በመስኮት እያየ «ምን ልታደርግበት ነው?» አለኝ። ያኔ አፌ ተያዘ። ዛሬ ልመልስለት።

የብሪታንያ መንግሥት የካርታ መሥሪያ ቤት፣ ኦርድናንስ ሰርቬይ፣ የሠራው ነው፤ አንዱ ማይል በስድስት ኢንች። ይሄ ከአበርቫን በላይ ያለው ተራራ ነው። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ጅረቶች ናቸው። እዚህ ጋ ምንጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 ከሰሉ ሲወጣ የተረፈውን አፈርና ድንጋይ በዚሁ ውሃ ላይ መከመር ጀመሩ። ሰባተኛው ቁልል ነው። 34 ሜትር ያህል ደረሰ። ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ተንዶ ወረደ። የፓንትግላስ ትምህርት ቤት ልጆች ክፍል ገብተው ነበር። 144 ሰው ሞተ። 116ቱ ሕፃናት ናቸው።

የብሔራዊ ከሰል ቦርዱ ሊቀመንበር ሎርድ ሮበንስ ምን አሉ? «ያልታወቀ ምንጭ ነው!» ያልታወቀ? የመንደሩ ሰው ያውቀዋል። መንግሥት ራሱ ባሳተመው ካርታ ላይ ቁጭ ብሏል! አጣሪ ጉባኤው 76 ቀን ተሰይሞ ጥፋቱ የቦርዱ ነው አለ። ከሥራው የተባረረ ግን አንድም ሰው የለም። ጭራሽ የመንግሥት ሰዎች የቀሩትን ቁልሎች ለማንሳት፣ ለሐዘንተኞቹ ከተዋጣው ገንዘብ 150,000 ፓውንድ ወሰዱ። የልጅ ለቅሶ ላይ የተዋጣ ገንዘብ! በ1997 መለሱት፤ ያውም ያለ ወለድ።

አለቃዬ ሆይ፣ መልሴ ይሄ ነው። ካርታ የሚጥል ሰው ነገ «አልታወቀም» ሊል እየተዘጋጀ ነው!

ስካኑን አልጠላም። በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ ታገኙታላችሁ፤ ማታ እዩት። የከሰል ማውጫው በ1989 ተዘግቷል። ትምህርት ቤቱ የነበረበት ቦታ አሁን የመታሰቢያ አትክልት ነው።

ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ባቡር ጣቢያ እንገናኝ። ትርፍ ጃኬት ያለው ይያዝልኝ፤ ወረቀቷን የምሸፍንበት።