ጡቱን ተዪው፣ ፓምፐርሱን ቁጠሪ

[ምስል፦ ጨለማ ክፍል፣ የስልክ መብራት ብቻ]

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ20። ልጁ 5 ሳምንቱ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ከጡት አልወረደም። ይጠባል፣ ይለቃል፣ ያለቅሳል፣ ደግሞ ይጠባል። እናቱ ጡቷን ዳበስ ታደርጋለች። ለስልሷል። በመጀመሪያው ሳምንት አግቶ እንቅልፍ የነሳት ጡት የት ገባ? ከወዲያኛው ክፍል ድምፅ ይመጣል። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ልጅ እኮ ራበው! ጡትሽ ላይ ምንም የለም። ጡጦ ስጪው በቃ።»

እናትየዋ እኔ ነኝ። ድምፁ የእናቴ ነው። እሷ 6 ልጅ አጥብታ ያሳደገች ናት፤ የኔ ገና የመጀመሪያዬ ነው። በዚያ ሰዓት ማን ይከራከራል?

[ምስል፦ እንስራ፣ ውሃው ቀስ እያለ ሲጎድል]

ጡትን እንደ እንስራ ነው የምናየው። ከሞላ አለ፣ ከጎደለ አለቀ። ጡት ግን ልጁ እየጠባም ወተት ይሠራል። ብዙ ሲወጣለት ይፈጥናል፣ ወተት ሲጠራቀምበት ይዘገያል። የሚታዘዘው ለልጁ አፍ ነው።

እስኪ ጡጦውን እዚህ መሀል አስገቢው። ማታ ማታ 60 ሚሊ ሊትር የዱቄት ወተት ይሰጠዋል። ልጁ ይጠግባል፣ ይተኛል፣ ቤቱ ሰላም ይሆናል። ጡቱ ግን ያን ሰዓት አልተጠባም። «ለካ አይፈለግም» ብሎ ይቀንሳል። ቀስ በቀስ 60ው 90 ይሆናል። ከዚያ «ወተት የለሽም ብዬሽ አልነበር?» ይመጣል። ሐኪም ያዘዘውን ጡጦ አይደለም የምለው። ከወዲያኛው ክፍል የታዘዘውን ነው።

ጡቱ ለምን ለሰለሰ ታዲያ? መጀመሪያ ላይ የሚጠጥረው ወተት ብቻ ስለያዘ አይደለም፤ ደምና ፈሳሽም ስለሚበዛበት ያብጣል። ደግሞም ሰውነት የልጁን ልክ ገና ስላላወቀ አትርፎ ይሠራል። 6 ሳምንት አካባቢ ልኩን ያገኘዋል። ጡቱ ይለሰልሳል፣ ልብስ ማርጠቡም ይቀንሳል። ብዙ እናቶች «ወተቴ ደረቀ» የሚሉት ልክ እዚህ ላይ ነው።

የማታው ለቅሶም አይግረምሽ። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። በእኩል ሰዓት ግን አያካፍለውም። ቀን ተኝቶ ይውልና ማታ በየሃያ ደቂቃው ይፈልግሻል። ፈጠን ብሎ በሚያድግባቸው ቀናት ይብስበታል። አድካሚ ነው፣ አልዋሽሽም። እኔ እራቴን በአንድ እጄ የበላሁባቸው ምሽቶች ብዙ ናቸው።

[ምስል፦ የወተት ማለቢያ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ጣት የማይሞላ ወተት]

እኔ ደግሞ ለማረጋገጥ ብዬ ማለቢያ ተዋስኩ። ልጁ ጠብቶ ከጨረሰ በኋላ ለሩብ ሰዓት አለብኩ። ይኸው፣ ያየሽው ነው የወጣው። አለቀስኩ። በኋላ ነርሷ ሳቀችብኝ። «ልጁ ከጠጣ በኋላ የቀረውን ነው የለካሽው» አለችኝ። ማሽኑ ደግሞ እንደ ልጅ አፍ ጎበዝ አይደለም። ስትጨነቂ ወተቱ ለመውረድ ያመነታል፤ ማሽን ላይ ማፍጠጥ ደግሞ በጣም ያስጨንቃል።

እና ምን ይቆጠር? ፓምፐርስ። በጨርቅም የምታሳድጊ ከሆነ ያው ነው። ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀንና በሌሊት ቢያንስ 6 ጊዜ ደህና አድርጎ ከረጠበ፣ ሽንቱም ገርጣ ያለ ከሆነ፣ ልጁ እየጠጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካካው ቢጫና ቀጠን ያለ ይሆናል፣ በቀን 3 ጊዜም 4 ጊዜም። ከ6 ሳምንት በኋላ ቀናት ሊዘል ይችላል። ሲጠባ ጆሮሽን አቅርቢ፤ ሲውጥ ይሰማል። ክብደቱ ደግሞ አይዋሽም። ከተወለደ በኋላ ትንሽ መቀነሱ የተለመደ ነው፣ በ2 ሳምንት ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ቢያንስ በወር ግማሽ ኪሎ መጨመር አለበት።

ገና ልትወልጂ ላለሽው አንድ ነገር። የመጀመሪያው ወተት እንገር ነው። ወፍራም፣ ቢጫ፣ በጣም ጥቂት። በመጀመሪያው ቀን የልጁ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፣ ስለዚህ ይበቃዋል። ወተቱ በደንብ የሚመጣው በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ነው። «እስከዚያ» ተብሎ ቅቤ የሚያልሱ፣ ስኳር በውሃ የሚያጠጡ አሉ። አይሆንም። እስከ 6 ወር ውሃም አያስፈልገውም፤ የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው።

አጥሚቱስ? ጠጪ። ገንፎውንም ብዪ። የሚያጠባ ሰው ይርበዋል፣ ይጠማዋል። አብሽ ወተት ይጨምራል ይባላል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው፤ ስኳር ያለባት እናት ደግሞ ሐኪሟን ጠይቃ ትውሰድ። ጠላና ቢራ ወተት ያወርዳል የሚሉሽን ግን አትስሚ። አልኮል ወተቱ እንዳይወርድ ነው የሚያደርገው።

[ምስል፦ ልጁ ጡቱን ሲጎርስ፣ በቅርበት]

በእርግጥ ወተት የሚያንስበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አጎራረሱ ነው። ልጁ ጫፉን ብቻ ከያዘ አንቺን ያቆስልሻል፣ እሱም አይጠግብም። አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ከጫፉ ዙሪያ ያለውን ጥቁሩንም ይጉረስ፤ አገጩ ጡትሽን ይንካ። ስትወልጂ ብዙ ደም ከፈሰሰሽ፣ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ቀርቶ ከሆነ፣ እንቅርት ካለብሽ ወይም ጡትሽ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ለሐኪም ንገሪ። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም ወተት ይቀንሳል።

ልጁ ለመጥባት እንኳን የማይነቃ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ከቀነሰ፣ አፉ ከደረቀ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ወይም ካተኮሰው፣ ይህን ቪዲዮ ዝጊና ጤና ተቋም ሂጂ። በሌሊትም ቢሆን።

[ምስል፦ የሕፃን ሚዛን]

የ45 ቀን ክትባት ቀን ከእናቴ ጋር ሄድን። ሲወለድ 3.1 ኪሎ ነበር። ነርሷ ልብሱን አስወልቃ ሚዛኑ ላይ አጋደመችው። 4.6። እኔ እናቴን አየኋት። እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች፣

«አጥሚቱ ነው» አለች።